ሱሪውን የሰጠው ገበሬ፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የግብር ካርቱኖችን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ሥዕል ላከልኝ። አንድ ገበሬ ሱሪውን አውልቆ ለአንድ ቀጭን፣ አፍንጫው ለሾለ ሰውዬ ያቀብላል። ከሥሩ «የእንግሊዝ ሕዝብ በ1796 ዓ.ም. በግብር ብዛት ሱሪውን ሲያወልቅ» ይላል።

ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ለንደን ውስጥ የድሮ የኅትመት ሥዕሎችን እየመዘገብኩ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይሄኛው ደግሞ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው። ግን በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ዓመቱ ተሳስቷል። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። ሰውየው ሱሪውን ያወለቀበት ምክንያትም ከግብሩ በላይ ፍርሃት ነው።

እነዚህን ስህተቶች ከተማሪም፣ ከጋዜጠኛም፣ ካርቱን ከሚሥሉ ልጆችም ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፋቸው አልኩ። ጀማሪን ለማሸማቀቅ አይደለም። ስለነዚህ ሥዕሎች በአማርኛ የሚያወራ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ ይለኛል። ከስህተቶቹም አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ዓመቱን ሳይለዩ መጻፍ

ሥዕሉ የወጣው በ1796 ነው፤ ያ ግን የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ኅዳር 1789 ዓ.ም. ይሆናል። «1796 ዓ.ም.» ብላችሁ ስትጽፉ በእነሱ 1803 እና 1804 ላይ አረፋችሁ ማለት ነው። በዚያ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀጭን ሰውዬ፣ ዊልያም ፒት፣ ሥልጣን ላይ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንሪ አዲንግተን ነበር።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ አቆጣጠሩን በትክክል ቀይሮ «1789 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈ። ያነበበው ሁሉ የፈረንሣይ አብዮት የፈነዳበት ዓመት መሰለው። ስለዚህ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አትርሱ። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሥዕሉን ከሰሞኑ ወሬ መነጠል

ስለዚህኛው ስህተት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሌሎቹ ስህተቶች ግማሾቹ ከዚህ ነው የሚመጡት።

እነዚህ ሥዕሎች የሰሞኑን ወሬ ለሰማ ሰው የተሠሩ ናቸው። ፓርላማ ውስጥ አንድ ነገር ይባላል፤ በቀናት ውስጥ ሠዓሊው መዳብ ላይ ይቀርጸዋል፤ ታትሞ፣ ቀለም ተቀብቶ የሱቅ መስኮት ላይ ይሰቀላል። መስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ጋዜጣውን አንብቧል፣ ቡና ቤት ተከራክሯል። ሁሉን ያውቃል። እኛ ግን ከ200 ዓመት በላይ ዘግይተን ነው የደረስነው። ያንን ወሬ ካልፈለግነው ሥዕሉ ግማሽ ነው።

የሱሪውን ሥዕል ቀረብ ብለን እንየው። የሠራው ጄምስ ጊልሬይ ነው። የወጣው ኖቬምበር 17 ቀን 1796 ነው። ርእሱ «የበጀቱ መከፈት፣ ወይም ጆን ቡል ራሱን ለማዳን ሱሪውን ሲሰጥ» የሚል ነው። ገበሬው ጆን ቡል ይባላል። በ1712 ጆን አርበትኖት የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው፤ እንግሊዝን ወክሎ ይቆማል። ፒት ትልቅ ከረጢት ከፍቶ ይዟል። ከረጢቱ ለምን መጣ? እኛም በየቀኑ የምንጠቀምባት «በጀት» የምትለው ቃል መነሻዋ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ማለት የነበረ የድሮ ፈረንሣይኛ ቃል ነው። የገንዘብ ኃላፊው ዓመታዊ ዕቅዱን ሲያቀርብ «በጀቱን ከፈተ» ይባላል። ጊልሬይ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ከረጢት አድርጎ ሣለው። ይህን የማያውቅ ሰው ከረጢቱን አይቶ «የሌባ ጆንያ» ይለዋል።

አሁን የሚናገሩትን እንስማ። ፒት «ተጨማሪ ገንዘብ፣ ጆን! ፈረንሣዮቹ እየመጡ ነው! ራቁትህን ነው የሚያስቀሩህ!» እያለ ይጮኻል። ከኋላው ያሉት ሚኒስትሮች፣ ከነሱም ጋር ፖለቲከኛውና ጸሐፊው ኤድመንድ በርክ፣ «አዎ፣ እየመጡ ነው» እያሉ ይቀበሉታል። እጃቸው ግን ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ወርቁን ይዝቃሉ። ጆን ቡል ምን ይላል? ፈረንሣዮች መጥተው ራቁቴን ከሚያስቀሩኝ አሁኑኑ ያለኝን ሁሉ ውሰዱ ይላል። ይህን እያለ ሱሪውን ያስረክባል። ራቁት ላለመቅረት ራቁቱን ቀረ። የሥዕሉ እሾህ እዚህ ጋ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ድምዳሜ ነው። «ጊልሬይ የፈረንሣይ ወረራ የሚባለው ነገር መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ የፈጠረው ውሸት እንደነበር ያሳየናል» ተብሎ ሲጻፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ! ቀኑን ተመልከቱ። ኖቬምበር 17 ነው። ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ፣ ወደ 15,000 የሚጠጋ ጦር የጫኑ የፈረንሣይ መርከቦች ከብሬስት ወደብ ተነሡ። ወሩ ሳያልቅ አየርላንድ፣ ባንትሪ የባሕር ወሽመጥ ደረሱ። ወደ ምድር እንዳይወርዱ የከለከላቸው ማዕበል ነበር። በፌብሩዋሪ 1797 ደግሞ ሌላ ትንሽ የፈረንሣይ ጦር ዌልስ ውስጥ፣ ፊሽጋርድ አጠገብ፣ በእርግጥ ወረደ። በዚያው ሰሞን ሰው ወርቁን ለማውጣት ወደ ባንክ ተንጋጋ፤ መንግሥትም የእንግሊዝ ባንክ የወረቀት ገንዘብን በወርቅ መለወጥ እንዲያቆም አዘዘ።

ስለዚህ ሥዕሉ የያዘው አንዲት ጠባብ ጊዜ ነው። ፍርሃቱ አለ፤ ጠላት ግን ገና አልታየም። ያኔ በፍርሃቱ መቀለድ ይቻል ነበር። በወሩ ቢሆን ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የተቃዋሚው መሪ ቻርልስ ፎክስ ባሕሩ ዳር ቆሞ ወደ ብሬስት ይጣራል። ጊልሬይ በመንግሥትም በተቃዋሚም ላይ ነው የተነሣው። ፎክስን ቆርጦ ያወጣ ሰው የሌላ ሰው ሥዕል ነው የሚያሳየን።

የታችኛውን መስመር ቆርጦ መጣል

ቀኑ የት ይገኛል? ሥዕሉ ላይ! ከ1735 ጀምሮ በነሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ጥያቄ የወጣ ሕግ ነበር። የሥዕሉ ባለቤት መብቱ እንዲጠበቅለት ስሙንና የወጣበትን ቀን ሰሌዳው ላይ መቅረጽ ነበረበት። ስለዚህ ከሥር በደቃቅ ፊደል ቀን፣ የአሳታሚ ስምና አድራሻ ታገኛላችሁ። የጊልሬይ አሳታሚ ሐና ሐምፍሪ የምትባል ሴት ነበረች። ሱቋ ኒው ቦንድ ጎዳና ላይ ቆይቶ በ1797 ወደ ሴንት ጄምስ ጎዳና ተዛወረ፤ አድራሻዋ ብቻውን ሥዕሉ መቼ እንደወጣ ፍንጭ ይሰጣል።

እናንተ ግን ስክሪንሾት ስታደርጉ መጀመሪያ የምትቆርጡት ይህችን መስመር ነው። እባካችሁ ተዉ።

ከአፋቸው የሚወጣውንም ጽሑፍ አትዝለሉ። ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል። በመርፌ ሰሙን እየፋቀ ይሥላል። ከዚያ አሲድ የተፋቀውን ቦታ ብቻ ይበላዋል። ሲታተም ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ተገልብጦ መጻፍ አለበት። ጊልሬይ ያንን ሁሉ ንግግር በመርፌ፣ በግልባጭ ጻፈ። እኛ ማንበብ እንዴት ይከብደናል?

ሁሉንም «ግብር» ብሎ መተርጎም

ይህ የእኛ የተርጓሚዎች ችግር ነው። «ግብር» ሰፊ ቃል ነው፤ ሲያሻው የቤተ መንግሥት ድግስም ይሆናል። የእነዚህ ሥዕሎች ጠብ ግን ብዙ ጊዜ በግብሩ ዓይነት ላይ ነው።

ወደብ ላይ የሚከፈለው የጉምሩክ ቀረጥ ነው። አገር ውስጥ በሚመረት ወይም በሚሸጥ ዕቃ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ነው። በሕጋዊ ወረቀትና በጋዜጣ ላይ የሚጣለው የቴምብር ቀረጥ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው አሥራት ነው።

ለውጥ አለው ወይ? አለው። በ1733 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ዋልፖል ወይንና ትምባሆ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ወደ ኤክሳይዝ ሊያዞር ሲል አገር ተነሣበት። ሰውን ያስፈራው የኤክሳይዝ ሹም ሱቅና መጋዘን ገብቶ የመፈተሽ ሥልጣኑ ነበር። በዚያን ጊዜ በወጣ አንድ ሥዕል ኤክሳይዝ ብዙ ራስ ያለው ዘንዶ ሆኖ የዋልፖልን ሠረገላ ይጎትታል፤ የዋጠውንም ወርቅ አድርጎ ጭኑ ላይ ያፈስለታል። ይህን «የግብር ዘንዶ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ለምን በየቤቱ እንደሚገባ አንባቢው አይገባውም። ዋልፖል በመጨረሻ ዕቅዱን ተወው።

የአነጋገር ለዛም አለ። ጆን ቡል የሚናገረው በባላገር እንግሊዝኛ ነው። እኔ መጀመሪያ የተረጎምኩት ጊዜ «ያለኝን ንብረት በሙሉ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ» አልኩት። የቢሮ ደብዳቤ ሆነ፤ ሰውየው ሞተ። በኋላ «እየመጡ ነው እንዴ? እንግዲያማ ያለኝን ሁሉ ባንዴ ይውሰዱት፣ ጌቶች ቢሊ!» ስለው ነፍስ ዘራ፤ ቢሊ የዊልያም ቁልምጫ ነው። ርእሱ ላይ እኔ «ራሱን ለማዳን» ያልኩት የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ደግሞ ቃል በቃል «የአሳማ ሥጋውን ለማዳን» ነው የሚለው፤ ይህን እንዳለ ወስዶ ጆን ቡል የአሳማ ሥጋውን ከቀረጥ ለማዳን ሱሪውን እንደሰጠ የጻፈ ሰው አለ። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ነፍሱን ለማትረፍ ማለት ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ሥጋ የለም።

አባትና ልጅ ፒትን ማምታታት

ሁለቱም ዊልያም ፒት ናቸው። አባትየው ከ1708 እስከ 1778 ኖረ። ልጁ በ1759 ተወልዶ በ1806 ሞተ። በካርቱን ቀጭን፣ ግብር ጣይ የሆነው ልጁ ነው፤ በ24 ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1783 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ስህተቱ የሚመጣው በ1766 በወጣው የቀብር ሥዕል ነው። እንግሊዝ በ1765 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለች። ተቃውሞው ሲበረታ በማርች 1766 ሻረችው። ቤንጃሚን ዊልሰን ይህን እንደ ቀብር ሥነ ሥርዓት ሣለው። የሕጉ አባት ጆርጅ ግሬንቪል ትንሽዬ የሕፃን ሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ይሄዳል። ከኋላ ወደብ ላይ መርከቦች ቆመዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚጫን የፒት ሐውልትም አለ። ይህ አባትየው ነው፤ የቴምብር ሕጉን የተቃወመው። ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። «ግብር ጣዩ ፒት ለራሱ ሐውልት ያሠራል» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ አሁኑኑ አስተካክሉት።

እዚያው ሥዕል ላይ ከመቃብሩ በላይ ሁለት የራስ ቅል ተሰክቷል። ግብር አንከፍልም ብለው የተሰቀሉ ሰዎች አይደሉም። 1715 እና 1745 የሚል ተጽፎባቸዋል፤ የስቱዋርት ቤተሰብን ወደ ዙፋን ለመመለስ የተደረጉት የሁለቱ ዓመፆች ዓመታት ናቸው።

በሬንጅ የተነከረውን ሰው መርሳት

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያሳምመኝ ስህተት። በ1774 የወጣ አንድ ሥዕል አለ። የፊሊፕ ዳው ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። አምስት ሰዎች አንድ የቀረጥ ሹም ይዘው ሬንጅ ቀብተውታል፣ ላባ ለጥፈውበታል፣ ሻይ በግድ ጉሮሮው ውስጥ ያፈሱበታል። ከኋላ ዛፍ አለ፤ ገመድ ተንጠልጥሎበታል። የቴምብር ሕጉም ተገልብጦ ተለጥፎበታል። ራቅ ብሎ መርከብ ላይ ያሉ ሰዎች ሻይ ወደ ባሕር ይደፋሉ።

ይህን ሥዕል «ግብር የመረረው የቦስተን ሕዝብ ነፃነቱን ሲያስከብር» በሚል ጽሑፍ ታጅቦ አያለሁ። ይሄ ልክ አይደለም። ሥዕሉ የታተመው ለንደን ነው፤ ገዢዎቹም የለንደን ሰዎች ነበሩ። ፊቶቹን አንድ በአንድ እዩአቸው። የሚያፈሱበት ሰዎች ጥርሳቸውን አግጠው ይስቃሉ። የሠራው ሰው የቦስተንን ሰዎች ጨካኝ አድርጎ ነው የሣላቸው። የነፃነት ዛፍ ከተባለው ላይ የመስቀያ ገመድ ማንጠልጠሉ ፍርዱን ይናገራል።

ሹሙም የፈጠራ ሰው አይደለም። ጆን ማልኮም ይባላል፤ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። ጃንዋሪ 25 ቀን 1774፣ ቦስተን ውስጥ፣ በዚያ የክረምት ብርድ ልብሱን ገፈው ነው በትኩስ ሬንጅ የነከሩት። ሻዩ ወደ ባሕር የተደፋው ግን ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ነው፤ ከአርባ ቀን በፊት። ሠዓሊው ሁለቱን ቀን አንድ ወረቀት ላይ አገናኛቸው። ይህን እንደ ፎቶግራፍ ወስዶ «ሻዩ በተደፋበት ቀን» ብሎ መጻፍ ሌላ ስህተት ነው።

የ1773ቱ የሻይ ሕግ ደግሞ የሻይን ዋጋ ዝቅ ያደረገ ሕግ ነበር። ጠቡ በዋጋው አልነበረም። «እኛ ባልተወከልንበት ፓርላማ የተጣለች፣ በአንድ ፓውንድ ክብደት ሻይ የሦስት ፔኒ ቀረጥ ለምን ሳትነሣ ቀረች?» ነው ነገሩ። «ከባድ ግብር» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ አይገባም።

አንድ ጊዜ ይህን ሥዕል ለወጣቶች ሳሳይ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንዷ ልጅ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆች የሉትም?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ለዓመታት ሳሳየው ያንን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሰምና ወርቅ መፈለግ

እኛ ቅኔ ያሳደገን ሰዎች ነን። ሥዕል ሲሰጠን የተደበቀ ወርቅ እንፈልጋለን። እነዚህ ሥዕሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደበቁም። ሥዕሉ ከመውጣቱ በፊት የሚያይ ሳንሱር እንግሊዝ ውስጥ አልነበረም። ሰውየው ከረጢት ከያዘ ከረጢቱ ላይ ምን እንደሆነ ተጽፎበታል።

ኅብረ ቃል ግን ሞልቷል። የፒት ስም በእንግሊዝኛ ጉድጓድ ማለት ነው። ታች የሌለው ጉድጓድ ሲሉት ገንዘብ ቢጨመርበት የማይሞላ ማለታቸው ነው፤ «ታች» የሚለው ቃል ደግሞ መቀመጫም ማለት ነው። ሰውየው በጣም ቀጭን ስለነበር ጊልሬይ በ1792 መቀመጫ የሌለው አድርጎ ሣለው። የ1763ቱ የሲደር (ከአፕል የሚጠመቅ መጠጥ) ቀረጥ ሰሞን የተጠላው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ቢዩትም ስሙ ከቦት ጫማ ጋር ስለሚቀራረብ በየሥዕሉ ቦት ጫማ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን በአንድ መስመር አስረዱ፤ በትርጉም ውስጥ ለመፍጠር አትታገሉ።

«የሕዝብ ድምፅ» ማለት

ባለቀለም ሥዕል አንድ ሽልንግ፣ ሲብስም ሁለት ሽልንግ ይሸጥ ነበር። ለለንደን የቀን ሠራተኛ ይህ የአንድ ቀን ደመወዝ ያህል ነው። ገዢው ሀብታም፣ የፓርላማ ሰው፣ ነጋዴ ነበር። ፒካዲሊ የነበረው የፎርስ ሱቅ ለአንድ ምሽት የሥዕል ጥራዝ ያከራይ ነበር፤ ለእራት ግብዣ ማድመቂያ። ድሃው መስኮቱ ፊት ቆሞ በነፃ ያያል። ስለዚህ «ሰው አየው» ማለት ይቻላል። «ሕዝቡ ተናገረ» ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሠዓሊውም ደመወዝ ነበረው። ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከፒት መንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ይቀበል ነበር። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አዘንኩ፤ ሥዕሎቹንም ለጥቂት ጊዜ ማየት ጠላሁ። አሁን የማደርገው ቀኑን አይቶ መጠየቅ ነው፦ ይሄኛው ከገንዘቡ በፊት ነው፣ በኋላ ነው? የሱሪው ሥዕል ከገንዘቡ በፊት ነው።

ቁጥር

በፓውንድ ሁለት ሽልንግ ማለት 2 በመቶ አይደለም። ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለነበር 10 በመቶ ነው።

ሥዕሉ ላይ የተራቆተ ድሃ ስላያችሁም ሁሉም ግብር ድሃው ላይ ወደቀ አትበሉ። ፒት በ1799 ያስጀመረው የገቢ ግብር በዓመት ከ60 ፓውንድ በታች የሚያገኘውን አይነካም ነበር፤ 10 በመቶው የሚጀምረው ከ200 ፓውንድ ነው። በ1795 የፀጉር ዱቄት የሚቀባ ሰው በዓመት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ፣ እንዲከፍል ተደረገ። ያንን የሚቀባ ድሃ የለም። ድሃውን የሚበላው በቢራ፣ በጨው፣ በሳሙና፣ በሻማና በቆዳ ላይ ያለው ነበር። ካርቱኑ ግን ስለ ሳሙና ብዙ አያወራም፤ ለገዢው አልቆረቆረውማ። ያው ፒት ደግሞ በ1784 የሻይ ቀረጥን ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አውርዶ በምትኩ የመስኮት ግብር ጨምሯል። ይህን ሳያውቁ ስለ ፒት መጻፍ አይቻልም።

ነውሩን መሸፈን

ሪቻርድ ኒውተን በ1798 ያወጣው ሥዕል ላይ ጆን ቡል ጀርባውን ሰጥቶ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ምስል ላይ ይፈሳል። ፒት ከጎን ደንግጦ «ይሄ ክህደት ነው፣ ጆኒ!» ይለዋል። በአማርኛ «ቅሬታውን ሲገልጽ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ቅሬታ አይደለም፣ ፈስ ነው። በ1795 የወጡት ጥብቅ ሕጎች ንጉሡን የሚነካ ንግግርንና ስብሰባን አስፈሪ አድርገው ነበር። ታዲያ ቃል የማይወጣው አካል በምን ሕግ ይከሰሳል? ኒውተን የጠየቀው ይህንን ነው። ቃሉን ካሳመራችሁለት ጥያቄው ይጠፋል። ልጁ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ፤ 21 ዓመቱ ነበር።

ጥንቸሎቹን አለማየት

ፈረንሣይ ውስጥ በ1789 የወጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ያረጀ ገበሬ ቄስና መኳንንት በጀርባው አዝሏል። እንግሊዝ እያላችሁ አትለጥፉት። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ መሬት አውርዱ። ከእግራቸው ሥር ጥንቸሎች ጎመኑን ይበላሉ፤ ወፎች እህሉን ይለቅማሉ። ገበሬው ማሳው ውስጥ የገባውን ጥንቸል መግደል አይችልም ነበር። አደን የመኳንንቱ መብት ነው። ከገበሬው ኪስ የሚወጣው ወረቀት ላይ የጨውና የሌላው ቀረጥ ተዘርዝሯል። ጥንቸሉ ግን ወረቀት የለውም። ዝም ብሎ ይበላል። ያ የአደን መብት ኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት ከተሻሩት አንዱ ሆነ።

ድጋሚ ኅትመትን እንደ ኦሪጅናል መግዛት

ይህ ኪስ የሚጎዳ ነው። የጊልሬይ የመዳብ ሰሌዳዎች እሱ ከሞተ በኋላም ቆይተዋል። ሄንሪ ቦን የተባለ አሳታሚ በ1851 እንደገና አተማቸው። ከዚያው ሰሌዳ ስለወጡ የ1796ቱ ቀን እንዳለ ተጽፎባቸዋል፤ ቀኑ አይዋሽም፣ ወረቀቱ ግን የሌላ ዘመን ነው። አብዛኞቹ ቀለም የላቸውም፤ ወረቀታቸው ወፍራም ነው፤ ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥር አለ። ብዙዎቹ ደግሞ በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ታትመዋል።

እኔ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የሱሪውን ሥዕል ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ለስድስት ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳየሁ። ቤት ስንቀይር መስታወቱ ተሰነጠቀና ፍሬሙን ፈታሁት። ወረቀቱን ገለበጥኩ። ከጀርባው ሌላ የጊልሬይ ሥዕል ታትሞበታል።

አሁን ማንም ሰው «እስቲ እየው» ብሎ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ፍሬሙን እንዲፈታው ነው።